ግድግዳ ላይ የተደገፈ ገንዘብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የብረት በርና መስኮት ማምረቻ ከከፈትኩ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አሥራ አንድ ሠራተኞች አሉኝ፤ በብዛት የምንሠራው የግቢ በር ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሥራው ከአቅማችን በላይ ሆኗል። ዛሬ ግቢዬ ውስጥ ተጀምረው ያላለቁ 23 በሮች አሉ፤ መተላለፊያ ጠፍቷል። ይሁን እንጂ ወር በመጣ ቁጥር ደሞዝ የምከፍለው ከሰው ተበድሬ፣ አለዚያም አዲስ ደንበኛ የሰጠኝን ቅድሚያ ክፍያ ነክቼ ነው። በእኔ ስሌት ከአንድ በር 24,000 ብር አተርፋለሁ፤ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ግን አልገባኝም። ባለቤቴ «ሥራው እየበላን ነው» ትላለች። ምርቱን ለማፋጠን 1.4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የላሜራ ማጠፊያ ማሽን በብድር ልገዛ አስቤያለሁ። አንድ ወዳጄ ደግሞ ሐረር ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ክፈት ይለኛል። የወጪዬን ዝርዝር አያይዤ ልኬያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የድሬ ልጅ «እርስዎ» ሲባል ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ እንደሚያይ አውቃለሁ። ጉዳዩ የገንዘብ ስለሆነና ደብዳቤውንም ሌሎች ስለሚያነቡት ግን በዚሁ አጠራር እንድቀጥል ይፍቀዱልኝ።

ያያዙትን ዝርዝርና እዚህ በአጭሩ የቀረበውን ሙሉ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አየሁት። መልሴን ከመጨረሻው ልጀምር፤ ማሽኑን አሁን አይግዙ፣ የሐረሩንም ቅርንጫፍ ለጊዜው ይተዉት። ገንዘብዎን ማንም አልወሰደብዎትም፤ ግቢዎ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ይህን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በራስዎ ቁጥር ላሳይዎት።

የተጀመሩት በሮች 23 ናቸው። በዝርዝርዎ መሠረት በእያንዳንዳቸው ላይ እስካሁን በአማካይ የ50,000 ብር ላሜራ፣ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ዘንግ) እና ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ገብቷል፤ በድምሩ 1,150,000 ብር መሆኑ ነው። አንዱን በር በ90,000 ብር ተዋውለው ግማሹን በቅድሚያ ስለተቀበሉ፣ በሮቹ አልቀው ሲገጠሙ የሚሰበስቡት ቀሪ ሂሳብ 23 ጊዜ 45,000፣ ማለትም 1,035,000 ብር ይሆናል። ለማጠናቀቅ የሚቀረው የቀለም፣ የቁልፍና የገጠማ ወጪ በአንድ በር 7,000 ብር ያህል፣ በጠቅላላው 161,000 ብር ነው። እንግዲህ ከባንክ 1.4 ሚሊዮን ብር ለመበደር በሚያስቡበት በዚህ ወቅት፣ ወለድ የማይታሰብበትና ዋስትና የማይጠየቅበት 874,000 ብር በራስዎ ግቢ ፀሐይ እየመታው ነው።

ሌላ ቁጥር ልጨምር። በወር ከግቢዎ ተጭነው የሚወጡት በሮች በአማካይ 9 መሆናቸውን ጽፈዋል። 23ን ለ9 ቢያካፍሉት ሁለት ወር ተኩል ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ የተቆረጠ ብረት በር ሆኖ የደንበኛ ቤት የሚደርሰው ከ77 ቀን ገደማ በኋላ ነው። አንድን በር ለመሥራት የሚፈጀው የእጅ ሥራ ግን፣ እርስዎ ራስዎ እንዳሉት፣ አራት ቀን ነው። በቀሩት 73 ቀናት በሩ ማንም ሳይነካው ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፤ እርስዎም ብረቱን ከገዙበት ገንዘብ ጋር አብረው ይጠብቃሉ። ለደንበኛው «በሦስት ሳምንት ይደርሳል» ማለትዎን ከደብዳቤዎ ስላየሁ፣ ስልክዎ ለምን ቀኑን ሙሉ እንደሚጮህ መገመት አያቅተኝም።

በወጣትነቴ በአንድ ፋብሪካ የዋጋ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ስሠራ ይህንኑ በትልቁ አይቼዋለሁ። የሰኔ 30 የዓመት መዝጊያ ቆጠራ ላይ በከፊል ያለቀ ምርት ገጽ በገጽ መዝግበን ሂሳቡ ሲዘጋ፣ ድርጅቱ በጥሩ ሁኔታ አትርፏል ተባለ። ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ለደሞዝ የሚሆን ገንዘብ ታጥቶ ሥራ አስኪያጁ ከባንክ ባንክ ሲንከራተቱ ሰነበቱ። ትርፉ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው በሐሰት አልነበረም፤ መጋዘን ጥግ ተከምሮ ስለነበር ለሠራተኛ ቆጥሮ መስጠት አልተቻለም እንጂ።

ወደ 24,000 ብሩ ልመለስ። ከ90,000 ብር ላይ 57,000 ብር ለጥሬ ዕቃና ማጠናቀቂያ፣ 9,000 ብር ደግሞ ለእጅ ዋጋ ቀንሰው ነው ያገኙት። የ9,000 ብሩ ስሌት በሩ ላይ እጅ ያረፈባቸውን አራት ቀናት ብቻ ይቆጥራል። ሠራተኞችዎ ግን የወር ደሞዝተኞች ናቸው፤ በሩ ተሠራም ቆመም ይከፈላቸዋል። እርስዎ የሚያዋጡት 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተጨምሮ ደሞዙ በወር 118,000 ብር ነው። የቦታ ኪራዩ 30,000፣ መብራት፣ ውኃና ስልክ 12,000፣ የመኪናው ወጪ 15,000፣ ልዩ ልዩ 5,000 ብር። በድምሩ በወር 180,000 ብር ከእጅዎ ይወጣል ማለት ነው። ለሚወጡት 9 በሮች ሲካፈል አንዱ በር 20,000 ብር ይሸከማል። ትርፍዎ በዚህ ብቻ ከ24,000 ወደ 13,000 ብር ወረደ። ጉዳዩ ግን በዚህ አያበቃም።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) የተመዘገቡ መሆንዎንና ከደንበኛ ጋር ሲዋዋሉ «ከነቫቱ 90,000» እንደሚሉ ጽፈዋል። 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ ካለ፣ የእርስዎ ድርሻ 90,000 ለ1.15 ሲካፈል የሚገኘው 78,261 ብር ነው፤ ቀሪው 11,739 ብር በእጅዎ አለፈ እንጂ የእርስዎ አልነበረም። ብረቱን በደረሰኝ ከገዙ፣ በ57,000 ብሩ ውስጥ የከፈሉትን 7,435 ብር ቫት ከሚያስረክቡት ላይ ያቀናንሳሉ፤ ስለዚህ የጥሬ ዕቃው እውነተኛ ወጪ 49,565 ብር ሆኖ ከበሩ 8,696 ብር ይተርፍዎታል። ያለ ደረሰኝ ከገዙ ግን ወጪው 57,000 ብር እንዳለ ይቀራል፤ የሚተርፈውም 1,261 ብር ነው። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም ይበሉ። ነጋዴው «ደረሰኝ ካልፈለግህ 2,000 ብር እቀንስልሃለሁ» ብሎ ከ57,000ው ላይ ሲቀንስልዎ ያተረፉ ይመስልዎታል፤ በተጨባጭ የ7,435 ብር መብት በ2,000 ብር ሸጠውለታል። ከዚህም በላይ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ግዢ የንግድ ትርፍ ግብር ሲሰላ በወጪነት ስለማይያዝልዎ፣ ዓመቱ ሲዘጋ ባላገኙት ትርፍ ላይ ግብር ይጠየቃሉ። ዝርዝርዎ እንደሚያሳየው ከብረት ግዢዎ ግማሽ ያህሉ ያለ ደረሰኝ ነው። ባለቤትዎ «ሥራው እየበላን ነው» ያሉት ሂሳብ ሳይሠሩ ይመስለኛል፤ ሂሳቡ ሲሠራ ግን እሳቸው ያሉት ሆኖ ተገኘ።

አሁን የማሽኑን ጉዳይ እንመልከት። ማሽን የሚገዛው ማነቆ ላይ፣ ማለትም ሥራው ተጠራቅሞ በሚቆምበት ቦታ ላይ ነው፤ ማነቆውን ሳያውቁ የተገዛ ማሽን ሌላ ክምር ይፈጥራል። የሠራተኞችዎ አከፋፈል አራት በያጅ፣ አራት ረዳት፣ አንድ ቀለም ቀቢ፣ አንድ ገጣሚና አንድ ጥበቃ ነው። በያጆቹ በወር 14 በር በይደው ያቆማሉ። ቀለም ቀቢው በአንዲት ኮምፕረሰር (በአየር ግፊት ቀለም መርጫ) ቀብቶ የሚያስረክበው 9 ነው። ልዩነቱ በየወሩ አምስት በር ነው፤ ግድግዳዎ ላይ የተደረደረውም ይህ ልዩነት ነው። የማጠፊያ ማሽኑ ተገዝቶ በያጆቹ በወር 20 በር ማቆም ቢችሉ፣ ከግቢዎ የሚወጣው በር ያው 9 ይሆናል፤ ክምሩ ግን በየወሩ በ11 በር ይጨምራል። በዚያ ላይ የባንክ ወለድ አለ።

ቀለም ቀቢው ለምን 9 ላይ እንደቆመ መጠየቅ ያለብዎት እርሱን ራሱን ነው። እኔ ከደብዳቤዎ ያነበብኩት፣ ሜዳ ላይ እንደሚቀባና ከበያጆቹ ጋር እኩል ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚጀምር ነው። የድሬዳዋን ፀሐይ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አምስት ሰዓት ላይ ላሜራው እጅ አያስነካም፤ የጋለ ብረት ላይ የተረጨ ቀለም ከመያዙ በፊት ይደርቃል፣ አረፋ ያወጣል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ ደግሞ አቧራውን አምጥቶ እርጥቡ ቀለም ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ እንደገና መቀባት ይመጣል። አንድን በር ሁለት ጊዜ የሚቀባ ሰው በወር 18 በር ቀብቷል፤ የተቆጠረለት ግን 9 ነው።

ስለዚህ ወጪ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በግቢው በስተጥግ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ጎኑ በሸራ የሚዘጋ የቀለም ቦታ ያዘጋጁ። ቀለም ቀቢው ንጋት 12 ሰዓት ገብቶ ብረቱ ሳይግል እስከ ሦስትና አራት ሰዓት ይርጭ፤ ከተማው ጥላ ፍለጋ በሚገባበት የቀትር ሰዓት ይረፍ፤ ከሰዓት በኋላ ማጽዳትና መፋቅን የመሰለ ዝግጅት ይሥራ። አንቲ ረስቱን (የዝገት መከላከያ ቀለሙን) በብሩሽ የሚቀቡት ግን ረዳቶቹ ይሁኑ፣ ለዚያ የተለየ ሙያ አይጠይቅም። ከረዳቶቹ መካከል እጁ ቀና የሆነውን መርጠው ርጭቱን ያስተምሩትና ሁለተኛ ኮምፕረሰር ይግዙለት። የዚህ ሁሉ ወጪ ከማጠፊያ ማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። በወር የሚወጣው በር ከ9 ወደ 12 ከፍ ቢል፣ አንድ በር የሚሸከመው 20,000 ብር ወደ 15,000 ይወርዳል። ዋጋ ሳይጨምሩ በእያንዳንዱ በር 5,000 ብር አተረፉ ማለት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የማታውን ብየዳ ያቁሙ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ተባዝቶ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል፤ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ12 ሰዓት እንዲበልጥ አይፈቀድም። እርስዎ ይህን ጭማሪ የሚከፍሉት ቀለም የሚጠብቀውን ሰልፍ ለማስረዘም ነው። ትርፍ ሰዓት የግድ ካስፈለገ ቀለሙ ላይ ይዋል።

የምጠይቅዎት ከባዱ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ለሦስት ሳምንት አዲስ ብረት አይቁረጡ። ከአራቱ በያጆች ሁለቱ ከነረዳቶቻቸው የቆሙትን በሮች ወደ ማጽዳት፣ አንቲ ረስት ወደ መቀባትና ገጣሚውን ወደ ማገዝ ይዙሩ፤ ሁለቱ ደግሞ የቀሩትን የብየዳ ጉድለቶች ይጨርሱ። በሳምንት አራት በር ቢወጣ፣ ከማጠናቀቂያው ወጪ የተጣራ 152,000 ብር በየሳምንቱ ይገባልዎታል። «በያጅ እንዴት ቀለም ይፈቅፍቃል?» የሚል ቅሬታ እንደሚነሳ አያጠራጥርም፤ ደሞዙ ከየት እንደሚመጣ በግልጽ ከነገሯቸው ግን የሚገባቸው ይመስለኛል። በዚህ ጊዜ የሚመጣውን ትዕዛዝ አይመልሱ፤ ቀኑን ግን እውነተኛውን ይንገሩ።

ሦስቱ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ክምሩ ተመልሶ እንዳይመጣ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ከላሜራ ቁርጥራጭ 12 ታርጋ ያስቆርጡ፣ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ይምቱባቸው፣ በግቢው መግቢያ አጠገብ ባለ ግድግዳ ላይ በሚስማር ይስቀሏቸው። አንድ በር ሊቆረጥ ሲል አንዱ ታርጋ ወርዶ በሽቦ ብረቱ ላይ ይታሰራል፤ በሩ ተጭኖ ከግቢ ሲወጣ ታርጋው ወደ ሚስማሩ ይመለሳል። ሚስማሩ ላይ ታርጋ ከሌለ ማንም ሰው፣ እርስዎም ጭምር፣ የአጎትዎ ልጅ ለሠርግ ቸኩያለሁ ቢልዎ እንኳ፣ አዲስ ብረት አይቆርጥም። በወር 12 በር የሚወጣ ከሆነ በግቢ ውስጥ 12 በር ብቻ ሲኖር፣ የአንዱ በር ቆይታ ከ77 ቀን ወደ አንድ ወር ይወርዳል። ሲለምዱት ታርጋዎቹን ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 8 ይቀንሷቸው።

ስለ ልኬት በዝርዝርዎ ውስጥ ያገኘሁት አንድ መስመር አሳስቦኛል፤ «ለማስተካከል የተመለሱ» የሚለው። ከ23ቱ አራቱ ተገጥመው አልገባ ብለው የተመለሱ ናቸው። ምክንያቱን አልጻፉም፤ እኔ ግን ግንበኛው ሳይለስን የተለካ ምሰሶ ይመስለኛል። በየጎኑ አንድ ሴንቲ ተኩል ልስን ሲመጣበት በሩ የሚገባበት ክፍተት በሦስት ሴንቲ ይጠባል፤ ከዚያ ወይ ግድግዳው ይፈለፈላል ወይ በሩ ይቆረጣል፤ ሁለቱም በእርስዎ ኪስ ነው። ልስን ያላለቀበት ቦታ ተለክቶ አይቆረጥ። ልኬቱ በወረቀት ተጽፎ ደንበኛው ወይም ግንበኛው ይፈርምበት። ልኬት የሚወስደውም ገጣሚው ራሱ ቢሆን ይመረጣል፤ የማይገባ በር ተሸክሞ የሚመለሰው እርሱ ስለሆነ ሜትሩን አጥብቆ ይይዛል።

ቁርጥራጩም ገንዘብ ነው። ቱቦላሬ በ6 ሜትር ይመጣል። 2.20 ሜትር የሚፈልግ በር ከአንዱ ዘንግ ሁለት ቆርጦ 1.60 ሜትር ያህል ሲተርፈው፣ በያጁ ትራፊውን ወደ ጥግ ይወረውረዋል። በዚያው ሳምንት 1.55 ሜትር የሚፈልግ መስኮት ቢኖር ትራፊው ለመቁረጫ ዲስኩ የሚባክነው ተቀንሶለት እንኳ ይበቃ ነበር። ይህን የሚያይ ሰው የሚኖረው፣ መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት የሳምንቱ ትዕዛዞች ልኬት በአንድ ወረቀት ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። የካይዘን ሠልጣኞች «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት» እያሉ የሚደጋግሙትን አንዳንዱ ባለ ወርክሾፕ ግቢ መጥረግ ብቻ አድርጎ ይወስደዋል፤ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ቁርጥራጭ በርዝመቱ ተለይቶ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን አዲስ ዘንግ መግዛት ይቀራል።

አሁን ስለ ቅድሚያ ክፍያ። እስካሁን የአንዱን ደንበኛ ቅድሚያ ክፍያ ለሌላው በር ብረት መግዣ ወይም ለደሞዝ ሲያውሉ ቆይተዋል። ይህ አካሄድ ትዕዛዝ እየጨመረ እስከመጣ ድረስ ይዘልቃል፤ አንድ ወር ትዕዛዝ ሲቀዘቅዝ ግን የሁሉም ደንበኛ ብረት በአንድ ጊዜ ይጎድላል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ የብረት ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ዛሬ ዋጋ ተዋውለው ከሁለት ወር በኋላ ብረት የሚገዙ ከሆነ ልዩነቱን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ዋጋ ማቅረቢያዎ ላይ «ለ7 ቀን የጸና» ብለው ይጻፉ። ቅድሚያውን ከ50 ወደ 65 በመቶ ያሳድጉት፤ በዚያው ሳምንት የዚያን ደንበኛ ብረት በደረሰኝ ገዝተው በጠመኔ ስሙን ይጻፉበትና ተራው እስኪደርስ ሳይቆረጥ ይቀመጥ። ቀጥሎ 25 በመቶው በሩ አልቆ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት፣ 10 በመቶው ከገጠማ በኋላ ይከፈል። ከሚቀበሉት ቅድሚያ ውስጥ ቫቱ የእርስዎ እንዳልሆነም አይርሱ፤ ከ45,000 ብር ውስጥ 5,870 ብሩ የመንግሥት ነው። ቢቻል ለቅድሚያ ክፍያ ብቻ የሚሆን የተለየ የባንክ ሂሳብ ይክፈቱ።

በውልዎ ላይ ደግሞ «ቀብድ» የሚለውን ቃል በዘፈቀደ አይጠቀሙበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። እርስዎ 45,000 ብር «በቀብድ» ተቀብለው በሩን መሥራት ቢያቅትዎ 90,000 ብር ሊጠየቁ ይችላሉ። ለማለት የፈለጉት የዋጋው ከፊል ክፍያ ከሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ይጻፉ፣ የሚረከብበትንና ውል የሚፈርስበትንም ሁኔታ ይግለጹ።

የገንዘቡን አካሄድ ለመቆጣጠር ውስብስብ ሶፍትዌር አያስፈልግዎትም። በአንድ ትልቅ ደብተር ላይ የሚመጡትን 12 ሳምንታት በዓምድ ያስምሩ። ከላይ በየሳምንቱ ይገባል ብለው የሚጠብቁትን ገንዘብ ከበሩ ቁጥር ጋር፣ ከታች የሚወጣውን ይጻፉ፤ ደሞዝ፣ ኪራይ፣ ቫት፣ ጡረታ፣ ብረት። በየሳምንቱ የሚጥሉትን 10,000 ብር ዕቁብም እንዳይዘሉት። ዕቁቡን ቀድመው ስለወሰዱት በእርስዎ አስተሳሰብ ያለቀ ጉዳይ ሆኗል፤ ከካዝናው ግን በወር ከ40,000 ብር በላይ ይወስዳል፣ በላኩልኝ የወጪ ዝርዝር ውስጥም የለም። ለራስዎም ቁርጥ ያለ ደሞዝ ይመድቡ። የቤት አስቤዛ ከመሳቢያው፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ከደንበኛ ቅድሚያ ሲወጣ፣ ማምረቻው ይትረፍ ይክሰር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ይህን ደብተር ባለቤትዎ ቢይዙት ደስ ይለኛል። ካስተዋሉት ነገር አንጻር ከእርስዎ የተሻሉ ሂሳብ ያዥ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ስለ ሐረር ብዙ አልልም። በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው አልገባ ያለ በር ይዘው መመለስ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ያስሉት። የሐረር ትዕዛዝ ሲመጣ ሦስት አራት በር ሲሞላ በአንድ ጭነት ይውሰዱ፤ ቅርንጫፍ ግን አንዱን ግቢ ማጥራት ያልቻለ ሰው ሁለተኛ የሚያጣብበው ግቢ ነው።

ማሽኑን ለዘለዓለም ይተዉ ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ቀለሙ ተስተካክሎ፣ ቀለም ቀቢዎቹ ሥራ ፈትተው በያጆቹን የሚጠብቁበት ቀን ከመጣ፣ ማነቆው ወደ ማጠፍና ብየዳ ተዛውሯልና ያኔ እንነጋገርበታለን። በዚያን ጊዜም መኖሪያ ቤትዎን ለማስያዝ አይቸኩሉ። በተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን፣ የዕቃ ክምችትና ተሰብሳቢ ሂሳብ ለብድር ዋስትና እንዲሆኑ ይፈቅዳል። በካፒታል ዕቃ ኪራይ መልክ የሚሰጠው ፋይናንስም አለ፤ በዚህ ጊዜ ማሽኑ ክፍያው እስኪያልቅ የአከራዩ ንብረት ሆኖ ስለሚቆይ ራሱ ዋስትና ነው። ብድር ከመውሰድዎ በፊትም፣ በግል የንግድ ፈቃድ የሚሠሩ ከሆነ፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለሚፈቅድ፣ የቤትዎን ሀብት ከማምረቻው ዕዳ ስለመለየት አንድ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። አበዳሪው በማንኛውም መንገድ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ የሂሳብ መዝገብዎን ነው፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ብረት ደግሞ መዝገብ ውስጥ የለም።

በመጪው ቅዳሜ፣ ሠራተኞቹ ሳይወጡ፣ 23ቱንም በሮች አንድ በአንድ ዞረው የማን እንደሆነና ምን እንደጎደለው በጠመኔ ይጻፉበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሦስት ቁጥር ብቻ ይላኩልኝ፤ ግቢ ውስጥ የቆሙት በሮች ስንት እንደሆኑ፣ በሳምንቱ ስንት በር እንደወጣ፣ ዓርብ ማታ ካዝናው ውስጥ ስንት ብር እንደነበረ።